ግጥም ስጪኝ

ሶፎንያስ ጠዋት ጠዋት መሳሳት ይለማመድ ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ማሲንቆውን ጉልበቱ ላይ አቁሞ፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አንድ ሰዓት ድረስ ይሳሳታል። ትዝታን ይጀምርና መሃል ላይ ጣቱን ሆን ብሎ ያንሸራትታል፤ ደጋኑን በማይጎተትበት ቦታ ይጎትታል፤ ምቱን ትንሽ አሳልፎ ይይዘዋል። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ላለመሳሳት የለፋ ሰው በሰባ አንድ ዓመቱ የስሕተት ጀማሪ ሆነ። ከግድግዳው ወዲያ የሚኖረው ጡረተኛ የባቡር ሹፌር ደረጃ ላይ ሲያገኘው «ጋሽ ሶፎንያስ፣ ዛሬ ደህና ተሳሳቱ» ይለዋል። ሽሙጥ ነው። ሶፎንያስ ግን ከልቡ ያመሰግነዋል፤ ሌላ አድማጭ ከየት ይመጣል።

ነገሩ ወዲህ ነው። በ2086 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ከአርባ ሰው በላይ የሚያስተናግድ ቤት ሁሉ፣ ሆቴልም ይሁን የሠርግ አዳራሽ፣ አንድ ሕያው የማስቀመጥ ግዴታ አለበት። ሕያው የሥራ መደብ ነው። ሙዚቃው የሚመጣው ከጣሪያው ነው፤ ሕያው የሚባለው መድረኩ ጥግ ላይ መሣሪያ ይዞ የሚቀመጠው ሰው ነው። ሶፎንያስ በሚሠራበት በሰንበሌጥ ሆቴል ለሕያው የሚሰጠው ደጋን ሙጫ አይነካውም። ሙጫ ያልነካው ጭራ ድምፅ አያወጣም፤ ስለዚህ ከስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት እጁን ሲያመላልስ ቢውል ማንንም አይረብሽም። እንግዶች አጠገቡ ቆመው ፎቶ ይነሳሉ። አንዷ አንድ ቀን ጠጋ ብላ አይታው፣ ለጓደኛዋ «ይተነፍሳል እኮ» ስትል ሰምቷል። ሥራህ ምንድን ነው ሲሉት «ሕያው ነኝ» ይላል። የሚበላው፣ የሚከራየው፣ ለጉልበቱ የሚውጠው ክኒን ሁሉ ከዚያች ወንበር ነው የሚመጣው።

ወንበሯ ላይ ለመቀመጥ ካርድ ያስፈልጋል፤ ለካርዱ ደግሞ ምዘና። እዚህ ላይ መንግሥትን ማማት የሚወዱ አሉ። እውነቱን ለመናገር ግን ምዘናውን ደጅ ጠንተው ያመጡት ሙዚቀኞቹ ራሳቸው ናቸው። ደንቡ በወጣ ሰሞን ማሲንቆ በየት በኩል እንደሚያዝ የማያውቅ የባለሆቴል አማች ሁሉ መድረክ ላይ ተጎለተና ማኅበሩ ተቆጣ። «ሙዚቀኛ የሆነና ያልሆነ ይለይልን» ብሎ ፊርማ አሰባሰበ። ሶፎንያስ ሦስተኛው መስመር ላይ ፈርሟል፤ ፊርማው እስከ ዛሬ ማኅበሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ በመስተዋት ተሰቅሎ ይታያል። ተለየላቸው። በየሁለት ዓመቱ አንድ ክፍል ገብተህ ለሰባት ደቂቃ ትጫወታለህ፣ መዛኙ ማሽን ያዳምጥሃል፣ ወረቀት ይወጣል። አዎ፣ ወረቀት፤ አገር ምድሩ ወረቀት ከተወ ስንት ዘመኑ፣ እዚያ ግን ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው የሚሰጡት። ወረቀቱ ወይ «ሕያው» ወይ «ቅጂ» ይላል፤ ቅጂ የሚባለው ጨዋታው ቀድሞ ከተመዘገበ ነገር ጋር የተመሳሰለበት ነው። ቅጂ የተባለ በወሩ አንድ ጊዜ ይደገምለታል። ሁለተኛም ቅጂ ከተባለ ካርዱ ተሰረዘ ማለት ነው፤ አቤት የሚባልበት ቦታ የለም።

ሶፎንያስ ሰኔ መጀመሪያ ላይ ቅጂ ተብሏል።

የማን ቅጂ እንደሆነ ማንም ሊነግረው አላስፈለገም። ከሠላሳ ሁለት ዓመት በፊት እጁን ሸጧል። ሚስቱ ሊዲያ ኩላሊቷን ታማ፣ ያለው ሁሉ ተሟጦ፣ አንድ ኩባንያ የባለሙያ እጅ እገዛለሁ ሲል ጊዜ አላቅማማም። ግድግዳው በስፖንጅ በተለበጠ ባዶ ክፍል ውስጥ፣ ጣቶቹ ላይ ሽቦ ተለጣጥፎ፣ አሥራ አንድ ቀን ለብቻው ሲመታ ከረመ። እጅ ቁጥር 214 ተብሎ የተመዘገበውን ያን እጅ ዛሬ የማያውቀው የለም። ታክሲ ውስጥ አለ፣ ሊፍት ውስጥ አለ፣ የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ አፍህን ከፍተህ ስትጠብቅ አለ። ሰንበሌጥ ሆቴል ጣሪያ ላይም ያለው እሱው ነው፤ ሶፎንያስ ድምፅ በሌለው ደጋን ከሥር ሆኖ የሚያጅበው የሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱን ሶፎንያስ ነው። በዚያ ገንዘብ ሊዲያ ዘጠኝ ዓመት ኖራለች። በሽያጩ አይጸጸትም። የሚያናድደው፣ ያ የተሸጠው እጅ እንደ ዋና ተቆጥሮ እሱ የሚመስለው ሆኖ መገኘቱ ነው።

ሐምሌ ሦስት ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ ዝናቡ እየወረደ ምዘና ማዕከሉ ደረሰ። ኮሪደሩ ላይ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ፤ በላዩ ላይ አሥራ አራት ያህል ሽማግሌና አሮጊት መሣሪያቸውን ታቅፈው ተደርድረዋል። ሁሉም ለሁለተኛው ምዘና የመጡ ናቸው። አንዱ በባዶ እጁ ጭኑ ላይ ይከረክራል፣ አንዷ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ስትቆጥር ትቆይና ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ማንም ከማንም ጋር አያወራም። ከሁሉም መሃል ዘና ያለ ሰው ቢኖር ማራማዊት ናት፤ እግሯን አጣምራ፣ የሱፍ አበባ ፍሬ እየፈለፈለች ተቀምጣለች።

ማራማዊት ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ድሮ ካዛንቺስ ውስጥ አንዲት ጠባብ የአዝማሪ ቤት ነበረች፤ እሷ እያዜመች እሱ እየመታ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረው ሠርተዋል። ያኔ ጠጪው ከወንበሩ ተነስቶ ግጥም ይሰጣል፣ «ተቀበይ» ይላል፣ እሷ ከአፉ ተቀብላ ታዜመዋለች። ስድብም ቢሆን ትቀበላለህ፤ ለቅሶም ቢሆን ትቀበላለህ። የተሰጠ ግጥም ሳይቀበሉ ማለፍ በዚያ ቤት ነውር ነበር። በኋላ ጣሪያው ሲዘፍን ጊዜ ግጥም መስጠት ቀረ፤ ለጣሪያ ማን ግጥም ይሰጣል።

«ሶፊ፣ ፊትህ የቀብር አስተባባሪ መስሏል» አለችው።

«አንቺማ ምን አለብሽ።»

ምንም አልነበረባትም። በሰኔው ምዘና የወደቀችው ጉንፋን ይዟት የወሰደችው መድኃኒት ጉሮሮዋን አጥርቶት ነው፤ እንደ ወጣትነቷ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ከተመዘገቡት ጥርት ያሉ ድምፆች ጋር ተመሳሰለና መዛኙ ቅጂ አላት። አሁን ጉንፋኑም መድኃኒቱም ለቋታል፤ ድምፅዋ ወደ ጥንቱ ሻካራነቱ ተመልሷል። እንዲህ ያለ ድምፅ የትም አልተመዘገበም፤ ማንም አይገዛውማ።

«ስሕተትህን አጠናህ?» አለችው።

«አጥንቻለሁ። በሦስተኛው ደቂቃ አንድ፣ በአራተኛው ሁለት።»

ሳቀች። «ሞኝ። በሰዓት የሚሳሳት ሰው የት አይተሃል? መዛኙ እኮ አታላይን ያውቃል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ ማሬ? ንገሪኛ። እጄ አንድ ነው፤ እሱንም ሸጬዋለሁ።»

ከፍሬው ዘገነችና መዳፉ ላይ አኖረችለት። እሱም ሳይበላው ጨብጦ ተቀመጠ፤ ካርዱ ቢሰረዝ ነሐሴን የት እንደሚያድር እያሰበ ነበር። ልጅ የለውም፤ እህቱ ናዝሬት ብትኖርም ራሷ በልጇ ቤት ጥግ ላይ ነው ያለችው።

አራት ሰዓት ሲሆን ስሙ ተጠራ።

ክፍሉ ነጭ ነው፤ አንድ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ሳህን የምታህል ክብ መብራት፣ ጥግ ላይ ደግሞ የምዘና ሠራተኛዋ። ሠራተኛዋ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ጥሩወርቅ ትባላለች። የዘንድሮ ወጣቶች የቅድመ አያቶቻቸውን ስም መልሰው አምጥተውታል፤ ሶፎንያስና ማራማዊት የአሮጌ ሰው ስም ሆኖ ቀርቷል። ሥራዋ በር መዝጋት፣ ሰዓት መያዝ፣ ወረቀቱን ቀዶ መስጠት ነው። ጀርባዋን ለወንበሩ ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ ማያዋ አድርጋ ትቀመጣለች፤ ተመዛኞቹ እንዳይሸማቀቁ ተብሎ ነው መሰል እንዲያ የተደረደረው።

በሩ ተዘጋ። መብራቱ ነጭ ሆነ፤ ጀመረ።

የመጀመሪያው ደቂቃ ደህና ነበር ልበላችሁ፤ ሙዚቃው ማለቴ ነው። መብራቱ ግን፣ ጨዋታው ወደ ቅጂ ሲጠጋ እንደሚያደርገው፣ ከነጭ ወደ ብጫ፣ ከብጫ ወደ ብርቱካን ሄደ። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ያጠናት ስሕተት ደረሰች፤ ጣቱን አንሸራተተ። መብራቱ ይበልጥ ደመቀ። ማራማዊት እንዳለችው ነው፤ የተጠና ስሕተት ስሕተት አይደለም።

«ጋሼ» አለች ጥሩወርቅ ሳትዞር፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «መናገር አልነበረብኝም፤ ግን እንደ ባለፈው እየሄደ ነው።»

ደጋኑን አቆመ። ገና አራት ደቂቃ ይቀረዋል። ዙሪያውን ሲያይ ነጭ ግድግዳ፣ ባዶ ወለል፣ የሚያዳምጥ መሣሪያ፣ የዞረ ጀርባ። አንድ ነገር ያን ጊዜ በራለት። እንዲህ ባለ ክፍል ከዚህ በፊት ተቀምጧል። አሥራ አንድ ቀን ተቀምጦበታል። ያን ጊዜም ፊት አልነበረም፤ ያን ጊዜም የሚሰጥ ሰው ሳይኖር ለግድግዳ ነበር የሚመታው። የሸጠው ለግድግዳ የሚመታውን ሶፎንያስ ነው። ካዛንቺስ ውስጥ የሰው አፍ እያየ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ሳያውቅ እየተንገዳገደ የሚከተለውን ሶፎንያስ ማንም አልገዛውም፤ ጠያቂም አልነበረውም።

«ልጄ» አለ፤ «ወንበርሽን አዙሪልኝ።»

«እ?»

«ፊትሽን ወደ እኔ አዙሪልኝ። ግጥም ስጪኝ።»

ጥሩወርቅ ዞረች። ፊቷ ክብ ነው፤ ዓይኖቿ እንቅልፍ ያጡ ናቸው። «እኔ ግጥም አላውቅም ጋሼ። መመሪያው ደግሞ...»

«መመሪያው አትዙሪ ይላል?»

አሰበች። «አይልም።»

«በይ እንግዲህ፤ የሚከነክንሽን ነገር ንገሪኝ። ቤት የሚመታበትን እኔ እፈልግለታለሁ። ቶሎ በይ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው።»

ማያዋን አየች፣ እጆቿን አየች። ከዚያ ሰው ወረፋ ላይ ሆኖ እንደሚያወራው አድርጋ «እናቴ ከሞተች ሦስት ዓመት አለፈ» አለች።

«እሺ።»

«ድምፅዋ ግን አለ። ቤቱ ውስጥ። ስትታመም ነው ያስቀዳነው። ጠዋት ጠዋት ተነሺ ይለኛል። ወንድሞቼ አጥፊው ይሉኛል፣ እጄን እዘረጋና...» አልጨረሰችውም።

ሶፎንያስ ደጋኑን ጭራው ላይ አሳረፈ። ቅኝቱን አልመረጠም፤ ልጅቷ «ተነሺ» ስትል ድምፅዋ ያረፈበትን ቦታ ይዞ ተነሳ፤ ትዝታም ባቲም ያልለየለት ቦታ ነበር። ጉሮሮው ለዓመታት ሳይሟሽ ስለቆየ መጀመሪያ ላይ ተሰነጠቀ።

«እናቴ ከሞተች ሦስት ዓመት አለፈ፣
ተነሺ የሚለኝ ድምፅዋ መች አረፈ።»

ጥሩወርቅ አፏን በእጇ ያዘች። እሱ ፊቷን እያየ መታ፤ ትንፋሿ ሲቆም ደጋኑን አቆመ፣ ስትተነፍስ ለቀቀው። ምን እንደሚል ሳያውቅ አፉን ከፈተ።

«አጥፊው አልልሽም፣ ተዪው አልልሽም፣
እኔም እጄን ሸጬ ስሰማው አልተኛም።»

አለቀሰች። እሱም ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ መብራቱን ማየት ከረሳ ቆይቷል። ደወሉ ሲደወል ገና ሦስተኛውን ቤት እየፈለገ ነበር።

ወረቀቱ ከግድግዳው ወጣ። ጥሩወርቅ አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ቀዳ ሰጠችው። ከላይ በትልቁ «ሕያው» ይላል። ከሥሩ ጥቃቅን ጽሑፍ አለ፤ መነጽሩን ያስቀመጠው በኮቱ ኪስ ውስጥ ነው፣ ኮቱ ደግሞ ኮሪደር ላይ። ትልቁ ቃል ይበቃዋል።

«እግዜር ይስጥሽ» አላት።

«እኔ ነኝ እንጂ» አለች።

ኮሪደሩ ላይ ሲወጣ ማራማዊት ቀና ብላ አየችውና ሳትጠይቀው ገባት። «አለፍክ።»

«አለፍኩ።» አጠገቧ ዘጭ አለ። «ማሬ፣ ግጥም ሰጠችኝ።»

«ማን?»

«ልጅቷ። ውስጥ ያለችው። ዙሪልኝ አልኳት፣ ዞረች። ስለ እናቷ ሰጠችኝ። ተቀበልኩ።» ቃላቱ እየተገፋፉ ነበር የሚወጡት። «አፏን እያየሁ፣ ካዛንቺስ እንደነበርነው። ከዚያ በኋላ ብርሃኑን አላየሁትም። እንደዚያ ከመታሁ ሃያ ዓመቴ ነው።»

ማራማዊት የሱፍ አበባውን መፈልፈል ተወች። ፊቷ ላይ የመጣው ደስታ ብቻ አልነበረም። «ግጥም ሰጠችህ» አለች እንደገና፣ ቀስ ብላ። ቅናት ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በየአዳራሹ ጥግ አፏን ያለ ድምፅ ስትከፍትና ስትዘጋ የኖረች ሴት ናት፤ ብትቀና ማን ይፈርድባታል።

«አንቺም ጠይቂያት።»

«እኔ አላስፈለገኝም፤ አንዱን አንጎራጉሬ እወጣለሁ። ይህ ጉሮሮ ይበቃል።»

«ለምዘናው አይደለም የምልሽ። ጠይቂያት። ትሰጥሻለች፤ አሁን ለምዳለች። ደግሞ ለምዘናውም ቢሆን እርግጥ ነው፤ አየሽኝ አይደል እኔ ራሴ ወጥቼ።» እጇን ያዘ። «እምቢ አትበይኝ፣ ማሬ። በሞቴ።»

«ማራማዊት ታደለ» ተባለ ከውስጥ።

ተነሳች፤ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ አየችው፤ ካዛንቺስ መድረክ ላይ ስትወጣ እንደምታየው አስተያየት ነበር። ከዚያ ገባች።

ሶፎንያስ ኮቱን ደረበ። ደስ ብሎታል፣ ረሃብም ተሰምቶታል። መዳፉ ላይ ላብ ያራሰውን ፍሬ ኪሱ ውስጥ ሲጨምር መነጽሩን አገኘ። አደረገውና፣ ካርዱ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚያገለግል ለማየት ብሎ፣ ወረቀቱን ገለጠ።

«ሕያው። አዲስ ባሕርይ ተገኝቷል፦ ከሰው አፍ ግጥም መቀበልና መመለስ። ባሕርዩ ከሐምሌ 3 ቀን 2086 ዓ.ም. ከጠዋቱ 4፡11 ጀምሮ በእጅ ቁጥር 214 ሥር ተመዝግቧል። ስላበረከቱት እናመሰግናለን።»

አንድ ጊዜ አነበበው፤ ሁለተኛ አነበበው። በሦስተኛው ተነስቶ በሩ ጋ ነበር።

«አባቴ፣ አባቴ» አለ ዘበኛው ክንዱን ይዞ፤ «አንዴ ከተዘጋ ሰባት ደቂቃ ነው። አይከፈትም።»

«አንድ ቃል ብቻ ልንገራት።»

«አይከፈትም አልኩዎት እኮ። ቢያንኳኩ የእሷ ነው የሚበላሸው፤ ድምፅ ገባ ብሎ ቅጂ ይላታል።»

ሶፎንያስ እጁን ከበሩ ላይ አነሳ። በሩ ወፍራም ነው፤ ቢሆንም ጆሮውን ሲያስጠጋ ይሰማል። መጀመሪያ ዝምታ ነበር። ከዚያ የልጅቷ ድምፅ፣ ቀጭን፣ ቃሉ የማይለይ። ከዚያ ማራማዊት። ያ ሻካራ ድምፅ ከሥር ተነስቶ፣ ግጥሙን ከልጅቷ አፍ ሳይቀዘቅዝ ተቀብሎ፣ አገላብጦ ሲመልሰው ሰማ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንዲህ ስታዜም ሰምቷት አያውቅም። እግዜር ይቅር ይበለውና፣ እንድትሰናከል ጸለየ። ሳል እንዲይዛት፣ ቃሉ እንዲጠፋት፣ እንድታፍርና ተይው ልጄ ብላ የሆነ ያረጀ ዘፈን እንድትጀምር። አልተሰናከለችም። ከበሩ ወዲህ ያሉት ሽማግሌዎች ሁሉ አንገታቸውን ወደ በሩ አድርገው ነበር።

ደወሉ ተደወለ። ስትወጣ ጉንጮቿ ቀልተው፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ፣ ሃያ ዓመት የቀነሰላት መስላ ነበር። ወረቀቷን አልያዘችም።

«ልጅቷ ታመጣዋለች፤ ዘገየ» አለች። «ሶፊ፣ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? ቆይ እንዳልረሳው።» አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አለችለት።

«ስንቱን አስመዘንኩት በዚህች በወንበሬ፣
እኔንስ ማን ይሆን የሚመዝን ዛሬ።»

«ራሷ ናት ያለችው፣ ቤቱን ራሷ መታችው። በደንብ አድርጌ ነው የተቀበልኳት። አይ ያቺ ልጅ፣ ካዛንቺስ ብትኖር ኖሮ ጠጪው ሁሉ ይወዳት ነበር።» ትስቅ ነበር፤ እጇ እጁ ላይ ነበር። «ምነው ዝም አልክ?»

ሶፎንያስ አፉን ከፈተ። ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ መናገሩ አስጠላው፣ አለመናገሩም አስጠላው። እንዲህ እያለ በሩ ተከፈተና ጥሩወርቅ ወጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። ወረቀቱን ለማራማዊት በሁለት እጇ ሰጠቻት፤ «እማዬ፣ እኔ አላውቅም ነበር» አለች፤ ቀጥላም ቶሎ ብላ ገባች።

ማራማዊት ወረቀቱን አራቅ አድርጋ ያዘችው። ዓይኗ አሁንም ደህና ነው። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው። «ድምፅ፦ ሕያው። ባሕርይ፦ ቅጂ። ውጤት፦ ቅጂ። ካርድ፦ ተሰርዟል።» ቆም አለች። «ከእጅ ቁጥር 214 ጋር ይመሳሰላል ይላል። 214 ያንተ አይደለም እንዴ? እኔ መቼ ማሲንቆ መትቼ አውቃለሁ?»

የራሱን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ሌላ ምን ያደርግ። ስታነብ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ሰዓቱ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ 4፡11ን በጣቷ ነካችው።

«መቼ አነበብከው?»

«አንቺ ከገባሽ በኋላ። በሩን...» ዘበኛውን አሳያት። «ማሬ፣ መነጽሬ ኮቴ ውስጥ ነበር። ትልቁን ብቻ ነው ያየሁት።»

«እሺ።»

«ለአንቺ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ ለእኔ ብለህ እንደሆነ።» ወረቀቶቹን አንድ ላይ አጠፈቻቸው፤ ከዚያ መልሳ ለየቻቸውና የእሱን መለሰችለት። «ባትነግረኝም እጠይቃት ነበር ልልህ ነበር። እንዳይከብድህ ብዬ። ግን ውሸት ነው፤ አልጠይቃትም ነበር። አንዱን አንጎራጉሬ እወጣ ነበር።»

ሶፎንያስ ወረቀቱን ኪሱ ከተተ። «ወንበሩን እንካፈለዋለን» አለ በመጨረሻ፤ «እኔ ሰኞን፣ አንቺ ማክሰኞን።»

«ካርዱ ፊት ያያል፣ ሶፊ።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች። «ገና አሁን እኮ ነው የተነገረኝ።»

ይኼን ሁሉ ከማዶ ሲያይ የቆየ ሰው ነበር። ያፌት ይባላል፤ ባለሳክስፎን ነው፣ ሰባ ሰባት ዓመቱ፤ ድሮ በየሠርጉ ይገናኙ ነበር። ወሬውን በሙሉ አልሰማም። የሰማው አንዱ ማለፉን፣ አንዷ መውደቋን ነው። ተራው ደግሞ ቀጥሎ ነው። ሳክስፎኑን ታቅፎ መጣና ሶፎንያስ ፊት ቆመ።

«ወንድሜ፣ አለፍክ አሉ።»

«አዎ።»

«ምን አድርገህ ነው?»

ጭኑ ላይ ይከረክር የነበረው ሰውዬ እጁን አቆመ፤ ስትቆጥር የነበረችውም ሴትዮ ቁጥሯን ተወች። ሶፎንያስ አያቸው። አንድ ነገር ቢናገር፣ ምንም ይሁን ምን፣ ያ ነገር ዛሬ ጠዋት በእሱ ስም የተመዘገበ ነው። ያፌት ይዞ የሚገባው የእሱን ቅጂ ይሆናል።

«ብነግርህ አይሠራልህም» አለ።

«እሱን ለእኔ ተወው። አንተ ብቻ ንገረኝ።»

«አልነግርህም፣ ያፌት። የሚመጣልህን ተጫወት።»

ያፌት ከእግሩ እስከ ራሱ አየው። «እንዲህ ነው እንግዲህ» አለ ወደ አግዳሚው ዞሮ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ለራሱ ካለፈለት በኋላ ለሰው አይተርፍም። ሴትዮዋንም ያሳሳታት እሱ ሳይሆን አይቀርም። ምቀኛ።»

ሶፎንያስ ቆሞ ነበር። ከውስጥ «ያፌት ኃይሉ» ተባለ።

«ተወው ያፌት» አለች ማራማዊት፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ እየመለሰች። «ድሮም ምቀኛ ነው።»

ሶፎንያስን ሳታየው ነበር ያለችው። ያፌት ገብቶ በሩ ሲዘጋ ግን አግዳሚው ላይ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችለት። ሶፎንያስ ተቀመጠ። ሥራ መግቢያው ሊደርስ አንድ ሰዓት ከሩብ ቀርቶት ነበር።